ውሻን «ቁጭ በል» ማስተማር በጅማ

«ቁጭ በል» ውሻ ከሚማራቸው ትእዛዞች ሁሉ ቀላሉ ነው። እጅ መስጠትም ሆነ በር ላይ መቆየት የሚጀምረው ከእሱ ነው። ጅማ ውስጥ ውሻ የሚያዘው በአብዛኛው ለግቢ ጥበቃ ነው፤ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ሌባና ጅብ እንዲጠብቅ ይለቀቃል። ቁጭ ማለት የሚያውቅ የግቢ ውሻ ግን እንግዳ ላይ አይዘልም። ይህ ብዙ ሙስሊሞች በሚኖሩበት ከተማ ትርጉም አለው፦ በእስልምና ውሻን ለጥበቃ መያዝ የተፈቀደ ቢሆንም፣ በብዙ ሊቃውንት ዘንድ ምራቁ ነጃሳ (ርኩስ) ነው። ለሶላት የተዘጋጀ ሰው ልብሱን ባያስልስ ይመርጣል።

የሥልጠናው መሠረት የቆየ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው ጥናት፣ እንስሳ ደስ የሚል ውጤት ያስገኘለትን ድርጊት እንደሚደጋግም አሳይቷል። በዱላ የሚያሠለጥኑ ሰዎች አሁንም አሉ፤ ውሻው ከዱላው የሚማረው ግን መቀመጥን ሳይሆን እጅ ሲነሳ መሸሽን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ውሻው ሳይበላ፣ ከሰንሰለቱ ተፈትቶ፣ ግርግር በሌለበት ቦታ ይሁን። የባቄላ ፍሬ የሚያህል የተቀቀለ ሳንባ በጣት ይያዝና አፍንጫው ሥር ይቅረብ። ከዚያ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ላይና በጆሮዎቹ መካከል ወደ ኋላ ይሄዳል። ውሻው ሥጋውን በዓይኑ ሲከተል ጭንቅላቱ ይነሳል፣ መቀመጫው ደግሞ በራሱ ይወርዳል። እጅ ከፍ ካለ ይዘላል። ወደ ኋላ እያፈገፈገ ካስቸገረ አጥሩ ጥግ ላይ ማሠራት ነው። መቀመጫው መሬት እንደነካ «ጎሽ!» ተብሎ ሥጋው ይሰጠዋል። እዚህ ላይ መዘግየት ሥራውን ያበላሻል፤ ከተነሳ በኋላ ከተሰጠው የተሸለመው ለመነሳቱ ነው።

ቃሉ የሚመጣው ውሻው እጅን ተከትሎ መቀመጥ ከለመደ በኋላ ነው። ጅማ ላይ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ቤት አብረው ይነገራሉ። አባት «ቁጭ በል»፣ ልጆች «ታኢ»፣ ዘበኛው «ተቀመጥ» ካሉት ውሻው ሦስት የማይገናኙ ድምፆችን ይሰማል። ቤተሰቡ አንዱን ይምረጥ፤ ውሻዋ ሴት ብትሆንም «ቁጭ በይ» ካልተባልኩ አትልም። የእጅ ምልክት ከተጨመረበት ደግሞ ቋንቋው ራሱ ብዙም አያስጨንቅም።

በአንድ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃል፤ በቀን ሁለት ሦስቴ መደጋገም ይቻላል። ክረምት ላይ፣ የጅማ ዝናብ ግቢውን ጭቃ ሲያደርገው፣ ብዙ ውሻ እርጥብ መሬት ላይ መቀመጥ ይጠላል። እልኸኛ ነው ከማለት በረንዳ ላይ ማሠራት ይሻላል። ሲለምደው ሥጋው ሁልጊዜ ሳይሆን አልፎ አልፎ ይሰጠዋል፤ «ጎሽ» ግን አይቅር።

እጅ መስጠት ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። ውሻው እንደተቀመጠ ሥጋው በተጨበጠ እጅ ደረቱ ፊት ይያዝለት። ያሸታል፣ ይልሳል፤ አልሆን ሲለው በፊት እግሩ ይቧጥጣል። ያኔ ጭብጡ ይከፈትለት።

ሽልማቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከሥጋ ቤት የሚመጣ ሳንባና ጉበት ጥሬውን መሰጠት የለበትም። ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ካሉበት ውሻው ውስጥ ትል ይሆናል፤ ከዓይነ ምድሩ የሚወጣው እንቁላል ደግሞ ሰውን ያሳምማል። ስለዚህ በደንብ ይቀቀል። ሽንኩርት የበዛበት የወጥ ትራፊ የውሻን ደም ይጎዳል፣ የበሰለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ቡና በየቤቱ በሚፈላበት ከተማ አተላውን ውሻ ከሚደርስበት ማራቅም ግድ ነው፤ ካፌይን ለውሻ መርዝ ነው።

ከእጅ የሚበላ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰድ አለበት፤ ቡችላ ከ3 ወር ዕድሜው ጀምሮ ይከተባል። በሥልጠና መሃል ጥርሱ ቆዳ ከበጣ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም መሄድ ነው።