ያለ ጭነት ቮልቴጅ ምንድን ነው? የኤሌክትሪክ ብስክሌት ቻርጀር ሲያስቸግር

ብስክሌቱ አልሞላ ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው፤ ውዱ ዕቃም እሱ ነው። ባትሪ ከመቀየር በፊት ግን አንድ ቁጥር ይለካ። ቻርጀሩ ሶኬት ላይ ተሰክቶ፣ ባትሪው ሳይገናኝ፣ በመውጫው ጫፍ ላይ የሚነበበው ዲሲ (ባትሪ የሚጠቀምበት፣ አቅጣጫው የማይለዋወጥ ኤሌክትሪክ) ቮልት ያለ ጭነት ቮልቴጅ ይባላል። ባለሙያዎች «ኖ ሎድ» ይሉታል። ብልሽቱ ከቻርጀሩ ይሁን ከባትሪው ወገን ቶሎ የሚለየው ይህ ቁጥር ነው። አረንጓዴ መብራት አይበቃም፤ ባትሪ ሞልቶም፣ የመውጫ ገመድ ተበጥሶም ያው አረንጓዴ ነው።

የሚጠበቀው ቁጥር ባትሪው ላይ የተጻፈው 36 ወይም 48 አይደለም። አንድ የሊቲየም አዮን ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል። ባለ 36 ቮልቱ በተከታታይ የተያያዙ 10 ሴሎች ስላሉት ቻርጀሩ 42.0፣ ባለ 48ቱ ደግሞ 13 ሴሎች ስላሉት 54.6 ቮልት ማውጣት አለበት። የ48 ቮልት የእርሳስ አሲድ ባትሪ ቻርጀር ግን 58 እና 59 ድረስ ይወጣል። ጫፉ ስለገባ ብቻ የጎረቤት ቻርጀር መዋስ እሳት ሊያስነሳ የሚችለው ለዚህ ነው።

አለካኩ ቀላል ነው። ቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ኤሲ፣ ማለትም የግድግዳ ኤሌክትሪክ፣ 750 ላይ አድርገው የግድግዳውን ሶኬት ይለኩ፤ 220 አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ ዲሲ 200 ላይ ያዙሩና ቀዩን ዘንግ ወደ ፖዘቲቩ፣ ጥቁሩን ወደ ኔጋቲቩ ያስነኩ። ክቡ ጫፍ ላይ ፖዘቲቩ ብዙውን ጊዜ መሃል ነው፤ ባለ ሦስት እግሩ ላይ ግን እንደ አምራቹ ይለያያል። ቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ከመጣ ተገልብጧል ማለት ነው። ሁለቱ ዘንጎች እንዳይነካኩ፣ ሾርት ያደርጋል።

የቻርጀሩ መብራት ካልበራ፣ ንባቡም ዜሮ ከሆነ የግቤት ገመዱንና ፊውዙን ይዩ። የፊውዙ መስታወት ውስጡ ከጠቆረ ቦርዱ ላይ ሾርት አለ፤ አዲስ ፊውዝ ቢገባም ወዲያው ይቃጠላል። መብራት እየበራ ዜሮ ካነበበ የመውጫ ገመዱን አንገት፣ ጫፉ አጠገብ፣ ቀስ ብለው ያጣጥፉት። ቁጥሩ ብልጭ ብሎ ከጠፋ ሽቦው እዚያ ተበጥሷል፤ ቆርጦ አዲስ ጫፍ መበየድ ይበቃል። የሐዋሳ ሜዳ ለብስክሌት ይመቻል፣ የሰፈሩ ኮብልስቶን ግን ቦርሳ ውስጥ ያለውን ቻርጀር እያንቀጠቀጠ የብየዳ ነጥቦችን ያላቅቃል። ባትሪ እስኪነካቸው ምንም ቮልት የማያወጡ ቻርጀሮችም ስላሉ፣ በዜሮ ብቻ ተበላሽቷል አይባልም።

በ42 ፈንታ 41 ካነበበ ይሞላል፣ ግን ቶሎ አረንጓዴ ይሆንና ርቀቱ ያጥራል። ከ42 በላይ፣ ለምሳሌ 43፣ ከሆነ ወዲያው ይንቀሉት። ቁጥሩ ከፍ ዝቅ እያለ ከዋዠቀ መውጫው ላይ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) አናቱ አብጦ ይሆናል።

ቁጥሩ ልክ ሆኖ ባትሪ ሲሰካ እየሞላ መሆኑን የሚያሳየው ቀዩ መብራት ካልመጣ፣ የባትሪውን መሙያ ቀዳዳ ይለኩ። እዚያ ዜሮ ካለ የመሙያው ፊውዝ ወይም ቢኤምኤሱ (ባትሪው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ቦርድ) ሊሆን ይችላል። ቀዩ መጥቶ መብራቱ ከተርገበገበ ደግሞ ቻርጀሩ ጭነት መሸከም አቅቶት ይሆናል። ያለ ጭነት የሚለካው ቁጥር ይህን አያሳይም።

ቻርጀሩን የሚከፍት ሰው ይጠንቀቅ፦ ትልቁ ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም 310 ቮልት አካባቢ ይዞ ሊቆይ ይችላል። በ220 ቮልት ባለ ክር አምፖል ያራግፉት፣ በካቻቪቴ አይደለም።

አዲስ ሲገዙ ቮልቱ ፍጹም እኩል ይሁን። አምፔሩ ግን ዝቅ ቢል ችግር የለውም፤ በ3 አምፔር ፈንታ ባለ 2 አምፔሩ ዝግ ብሎ ይሞላል።