ሕዝቡ ስለ ምን ቆመ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ እኅቶችና ወንድሞች፣ ይህን የምጽፈው በየመሥሪያ ቤቱ በኃላፊነት ለተቀመጣችሁ ነው። የክፍል ኃላፊ ሁኑ፣ ሥራ አስኪያጅ ሁኑ፣ ሁለት ልጆች ቀጥሮ የሚያሠራ ባለ ሱቅም ይሁን፣ ነገሩ ሁላችንንም ይመለከታል። እኔም ከእናንተው አንዱ ነኝና የምጽፈው ራሴን ጭምር እየወቀስሁ ነው።

አንድ ዓርብ ቀን ከጧት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ውዬ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ቢሮዬ ተመለስሁ። በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ የጽዳት ሠራተኛችን ተቀምጣለች። የሥራ ልብሷን ቀይራ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር። ስታየኝ ብድግ አለች። ለእናቷ መድኃኒት መግዣ 3,000 ብር የደመወዝ ብድር ጠይቃ ማመልከቻው ማክሰኞ ጠረጴዛዬ ላይ ደርሷል። ማክሰኞ መስክ ወጥቼ ነበር፤ ረቡዕ በበጀት ጉዳይ ተጠምጄ ዋልሁ፤ ሐሙስ ኦዲተሮች መጡ። ያን ጊዜ በክፍላችን ያለ እኔ ፊርማ አንዲት ወረቀት አታልፍም። ቆሜ ፈረምሁላት፤ ሦስት ሰከንድ አልፈጀም። ገንዘብ ያዧ ግን 11 ሰዓት ላይ ካዝናዋን ቆልፋ ሄዳለች። «ግድ የለም ጋሼ፣ አይጨነቁ፤ ሰኞ እመጣለሁ» አለችኝ። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ደረጃውን ወረደች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኦሪት ዘጸአትን ገልጬ ምዕራፍ 18ን አነበብሁ። ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የዚያን ቀን ግን አንድ ቃል ላይ ስደርስ ዓይኔ አላልፍ አለ። ሊቀ ነቢያት ሙሴ በሕዝቡ ሊፈርድ ተቀመጠ፤ ሕዝቡ ግን ከጧት እስከ ማታ ቆሞ ነበር ይላል። አንዱ ተቀምጧል፣ ሌላው ሁሉ ቆሟል። ብድግ ያለችው እኅቴ ትዝ አለችኝ።

ይህን ያየው አማቱ ዮቶር ነው። ገና ትናንት የደረሰ እንግዳ ነው፤ እግዚአብሔር ለእስራኤል ያደረገውን ሰምቶ ከምድያም መጣ። ሙሴም ወጥቶ ተቀበለው፣ ሰገደለት፣ ሳመው፤ ወደ ድንኳኑ አስገብቶ የሆነውን ሁሉ አጫወተው። ዮቶር ደስ ብሎት እግዚአብሔርን ባረከ፤ መሥዋዕት ቀረበ፤ አሮንና ሽማግሌዎቹ መጥተው አብረውት እንጀራ በሉ። በማግሥቱ ነው እንግዲህ ሙሴን በሥራው ላይ ያየው።

እስቲ እኛ ብንሆን ምን እንል ነበር? «እንዴት ያለ ትጉህ ሰው ነው! ምሳ እንኳ አይወጣም፤ ሁሉንም በራሱ እጅ ነው የሚሠራው» ብለን እናደንቀው ነበር። በዓመቱ መጨረሻም የምስጋና ወረቀት እንሰጠዋለን። ዮቶር ግን የተቀመጠውን ትቶ የቆሙትን አየ። አንተ ለምን ብቻህን ትቀመጣለህ፣ ሕዝቡስ ሁሉ ከጧት እስከ ማታ በዙሪያህ ስለ ምን ይቆማል ብሎ ጠየቀው።

የሙሴ መልስ ሐሰት የለበትም። ሕዝቡ እግዚአብሔርን ለመጠየቅ ወደ እኔ ይመጣል፤ ነገር ሲኖራቸው እፈርድላቸዋለሁ፣ ሥርዓቱንም አስታውቃቸዋለሁ አለ። እውነት ነው፤ ቅዱስ ሥራ ነው። ስንፍና፣ ጉቦ ወይም ጥላቻ አልተገኘበትም። ስለዚህ ነው ይህ ምዕራፍ እኛን የሚመረምረን። ክፉ አለቃ ክፉ መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የሕዝቡን ቀንበር አከብዳለሁ ያለውን የንጉሥ ሮብዓምን ታሪክ አንብቦ ያልፈራ የለም። ከሥራው ፍቅር የተነሣ ሰውን የሚያጉላላ ኃላፊ ግን ማን ይነግረዋል? እኔን ማንም አልነገረኝም። ዮቶር ግን የምታደርገው መልካም አይደለም ብሎ ፊት ለፊት ነገረው። አንተም ከአንተ ጋር ያለውም ሕዝብ ትደክማላችሁ አለው። ድካሙ የሁለቱም መሆኑን ልብ በሉ፤ እኛ አለቆች የሚታየን የራሳችን ድካም ብቻ ነው።

በዚያ ምድረ በዳ የቆመው ሕዝብ ቢያንስ ለዓይን ይታይ ነበር። ዛሬ የቆመው አይታይም። በኢሜይል ውስጥ ይቆማል፣ በቴሌግራም ይቆማል፣ «አልተመራም» ተብሎ መዝገብ ቤት ይቆማል፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብሎ በር ላይ ይቆማል። የግዢ መጠየቂያው ስላልተፈረመ ነጋዴው ክፍያውን ይጠብቃል፤ የነጋዴው ሠራተኛ ደግሞ ደመወዙን ይጠብቃል፤ የዚያ ሠራተኛ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ይጠብቃል። በአንድ ፊርማ ጀርባ ስንት ሰው እንደ ተሰለፈ ወንበሩ ላይ ሆኖ ማየት አይቻልም፤ ተነሥቶ ኮሪደሩን ማየት ያስፈልጋል።

ፊርማውን ለምን አንሰጥም? እኔ ራሴን ስጠይቅ መጀመሪያ ያገኘሁት መልስ «እንዳይበላሽ ብዬ ነው» የሚል ነበር። ቀጥሎ «ሌላው አይችልም» የሚል መጣ። ከሁሉ በታች፣ በጸሎት ሰዓት ብቻ የሚገለጥ ሌላ ነገር አገኘሁ፤ ፍርሃት ነበር። ሥራው ያለ እኔ ከሄደ እኔ ምን ልሆን ነው የሚል ፍርሃት። ይህን ለመጻፍ ይከብደኛል፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን ውስጥ እንዳለ አውቃለሁና አልደብቀውም። ሥራን አካፍሎ መስጠት የአስተዳደር ስልት ብቻ ይመስለን ይሆናል። ለእኔ ግን የእምነት ጥያቄ ሆኖብኛል፤ ይህን ቤት የሚጠብቀው እግዚአብሔር ነው ወይስ እኔ?

የዮቶር ምክር በቅደም ተከተሉ ያስተምራል። መጀመሪያ ሥርዓቱንና ሕጉን ለሕዝቡ አስተምር፣ የሚሄዱበትን መንገድና የሚሠሩትን ሥራ አሳያቸው አለው፤ ሰው ምረጥ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። የሚመረጡትም «ከሕዝቡ ሁሉ» አዋቂዎች፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ የታመኑ፣ የግፍን ረብ፣ በግፍ የሚገኝ ጥቅምን ማለት ነው፣ የሚጠሉ ናቸው። ከሕዝቡ ሁሉ ነው ያለው። ከዘመድ፣ ከአገር ልጅ፣ አብሮ ከተማረ ወይም ከአንድ ማኅበር ከመጣ ብቻ አላለም። በየቢሮአችን «የእገሌ ሰው» የሚባል ነገር ስንቱን ትጉህ ሠራተኛ ልቡን እንደ ሰበረው እናንተም ታውቃላችሁ። ክርስቲያን የሆነ ኃላፊ ሹመት ሲሰጥ መስፈርቱ ይህ የመጽሐፍ ቃል ካልሆነ፣ ጧት የሚያደርሰው ጸሎት እስከ ቢሮው በር ብቻ ነው የሚያጅበው።

የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆች ተሾሙ። ዛሬም ሻለቃ፣ መቶ አለቃ፣ አምሳ አለቃ፣ አሥር አለቃ ስንል ይህንኑ መዋቅር በአፋችን እንጠራለን። የአሥር አለቃው ትንሽ ሰው አልነበረም፤ ታናሹን ነገር ራሱ ይፈርድ ነበር። አስቸጋሪው ብቻ ወደ ሙሴ ይመጣል። እኛ ጋ ግን ሥራውን ሰጥተን ሥልጣኑን እናስቀራለን። «አንተ ተከታተለው» እንልና ማኅተሙን ከመሳቢያችን አናወጣም። ተጠያቂነቱ የእሱ፣ ውሳኔው የእኛ ይሆናል። እንዲህ ያለው ሸክም ሰውን ያጎብጣል፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ውክልና ከሰጣችሁ በደብዳቤ ይሁን፤ እስከ ስንት ብር እንደሚፈርም፣ የትኛውን ጉዳይ እንደሚጨርስ ይጻፍ፤ ሠራተኛውም ሁሉ ይወቀው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 መበለቶቹ ተረሱ የሚል ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ ሐዋርያት አልተቆጡም፣ ማዕዱንም ራሳችን እናድላለን አላሉም። ሰባቱን ሕዝቡ መረጠ፤ ሐዋርያትም ጸልየው እጃቸውን ጫኑባቸው። በቤተ ክርስቲያናችንም በመተዳደሪያ ደንቡ በቃለ ዓዋዲው መሠረት በሰበካ ጉባኤ ውስጥ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አብረው ይቀመጣሉ፤ የደብሩ ሸክም በአስተዳዳሪው ጫንቃ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ነው።

እኔ ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ለምክትሌ የፊርማ ውክልና ሰጠኋት። በሦስተኛው ሳምንት ስሕተት ተገኘ፤ አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ታዘዘ። ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ፤ በዚያው ቀን ፊርማውን መልሼ ወሰድሁ። «ብዬ ነበር» አልሁ በልቤ። ማታ ያንኑ ምዕራፍ ሳየው አስተምር የሚለው ምረጥ ከሚለው በፊት ተጽፎ አገኘሁት። ምክትሌን ምን አስተማርኋት? የትኛው አቅራቢ ትዕዛዝ እንደሚደራርብ፣ የትኛው መዝገብ ከየትኛው ጋር እንደሚመሳከር፣ ይህ ሁሉ በእኔ ራስ ውስጥ እንጂ በወረቀት ላይ አልነበረም። ሳላሳያት ስለ ተሳሳተች ቀጣኋት። በማግሥቱ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ሁለት ሳምንት አብረን ተቀምጠን እያንዳንዱን ነገር ጻፍን፤ ፊርማውም ተመለሰላት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፈተና ግን ከስሕተቱ ይልቅ ከባድ ነበር። ዓመት ፈቃድ ወጥቼ ስመለስ ሥራው ከእኔ ጊዜ በተሻለ ሄዶ አገኘሁት። የብድር ማመልከቻ የሚያልቅበትን መንገድ አሳጥራዋለች፤ በስብሰባ ላይ የበላይ ኃላፊያችን ስሟን ጠርተው አመሰገኗት። እኔም ከሌሎቹ ጋር አጨበጨብሁ፤ ውስጤን ግን አንድ ነገር ቆነጠጠኝ። በዘኁልቁ ምዕራፍ 11 ሙሴ ይህን ሕዝብ ብቻዬን ልሸከመው አልችልም ብሎ ወደ እግዚአብሔር በጮኸ ጊዜ፣ እግዚአብሔር በሙሴ ላይ ካለው መንፈስ ወስዶ በ70 ሽማግሌዎች ላይ አደረገ። ኤልዳድና ሞዳድ ወደ ድንኳኑ ሳይወጡ በሰፈር ውስጥ ትንቢት ተናገሩ። ኢያሱ ከልክላቸው አለ። ሙሴ ግን ስለ እኔ ትቀናለህን፣ የእግዚአብሔር ሕዝብ ሁሉ ነቢያት ቢሆኑ እወድ ነበር አለው። እኔ ሙሴን አልመሰልሁም፤ ከልክላቸው የሚለው የገዛ ልቤ ነበር።

ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። ብዙ ይመክሩኛል ብዬ ስጠብቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ ስሟን ጠርተህ ጸልየህላት ታውቃለህ?» አላውቅም ነበር። ስድስት ዓመት አብራኝ የሠራችውን ሰው አንድ ቀን በጸሎቴ አንሥቻት አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፍሌ ያሉትን የ14ቱንም ስም በጸሎት መጽሐፌ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጽፌአለሁ። ስሙን ጧት በእግዚአብሔር ፊት ያነሣችሁትን ሰው ከሰዓት በኋላ በሰው ፊት ማዋረድ እንዴት እንደሚከብድ ሞክራችሁ እዩት።

ከዮቶር ታሪክ አንድ ነገር ቀርቶብኛል። ዮቶር ሲመጣ ብቻውን አልነበረም። የሙሴን ሚስት ሲፓራንና ሁለቱን ልጆች፣ ጌርሳምንና አልዓዛርን ይዞ ነበር የመጣው። ሙሴ ሚስቱን ቀድሞ መልሷት ነበርና። ልጆቹ አባታቸውን ያገኙት ትናንት ነው፤ ዛሬ ከጧት እስከ ማታ አባት በፍርድ ወንበር ላይ ነው። መጽሐፉ ስለ ሲፓራ በዚያ ቀን ምንም አይነግረንም። ዮቶር ግን አማት ብቻ አልነበረም፣ አያትም ነበረ፤ ያን ቀን የልጅ ልጆቹ ደጅ ሆነው ሲጠብቁ ሳያይ የቀረ አይመስለኝም። እናንተ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ በቢሮው የቴሌግራም ግሩፕ «አስቸኳይ» ብላችሁ ስትጽፉ፣ በእናንተም ቤት በሠራተኛውም ቤት አንድ ልጅ ዝም ይባላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ መደበኛ የሥራ ሰዓትን በቀን 8 ሰዓት ወስኗል፤ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመትም 16 የሥራ ቀን ዕረፍት ደንግጓል። የመንግሥት ሕግ ለደከመ ሰው ይህን ያህል ካሰበ፣ ሰንበትን የተቀበልን እኛ የሠራተኛን ፈቃድ «ሥራ ስላለ» እያልን ከዓመት ዓመት ስናስተላልፍ በምን አፋችን እንጸልያለን?

ሙሴ የአማቱን ቃል ሰማ፤ ያለውንም ሁሉ አደረገ። ከእግዚአብሔር ጋር ቃል ለቃል የሚነጋገር ነቢይ የምድያምን ካህን ምክር ሰማ። እኛ ከተላላኪያችን፣ ከጥበቃችን፣ ትናንት ከተቀጠረችው ልጅ «ይህ መልካም አይደለም» የሚል ቃል ቢመጣ የምንሰማ ነን? ዮቶር ይህን ብታደርግ ይህ ሁሉ ሕዝብ በሰላም ወደ ቦታው ይመለሳል ነበር ያለው። የኮሪደራችን አግዳሚ ወንበር አሁንም እዚያው አለ፤ ስወጣ ስገባ አየዋለሁ። የብድር ማመልከቻ አሁን በገባበት ቀን ያልቃል። የዚያች እኅቴ እናት አገግመዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

አንድ ፊርማ ግን እስካሁን አልለቀቅሁም። የሠራተኛ ዝውውር የሚጸድቅበት ነው። እውነት አስቸጋሪ ስለሆነ ነው ወይስ ያው የድሮው ፍርሃት ነው፣ ገና አለየሁትም። በጸሎታችሁ አስቡኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።