ኮምፒውተሩ አልፈረደም፦ ስለ ጁሪ መመሪያ ደሴ ላይ የሰማኋቸው ስህተቶች

አክስቴ ቤት ነን፣ ደሴ። ቶናው እየተቀዳ ካሊፎርኒያ ያለው ልጇ ደወለ። በአንድ የወንጀል ችሎት ጁሪ ሆኖ ሰንብቶ ገና መጨረሱ ነው። «ከመፍረዳችን በፊት ዳኛዋ ሕጉን ከወረቀት አነበበችልን፤ የጁሪ መመሪያ ይሉታል። ወረቀቱ የሚሰናዳው በሶፍትዌር ነው አሉ» አለን። ስልኩ ሳይዘጋ ቤቱ ተንጫጫ። «በቃ፣ ፍርዱንም ለኮምፒውተር ሰጡት!» አለ አንዱ ጎረቤት። የሕግ ነገር ስለምወድ መልስ ለእኔ ተተወ። በረካው ቀዘቀዘብኝ።

«ጁሪማ እኛም አለን፤ ሦስቱ ዳኞች አይደሉ?»

አይደሉም። እኛ ዘንድ ሦስት ሆነው የሚሰየሙት ሁሉም በሙያቸው ዳኞች ናቸው። ማስረጃውን ይመዝናሉ፣ ሕጉን ይተረጉማሉ፣ ለምን እንደፈረዱም ይጽፋሉ። ጁሪ ግን ከሕዝብ መሃል የተጠራ ሰው ነው። ሹፌር ሊሆን ይችላል፣ ነርስ ሊሆን ይችላል፣ እንደ አክስቴ ልጅ ባለሱቅም ሊሆን ይችላል። በካሊፎርኒያ ከባድ ወንጀል ሲሆን 12 ሰዎች ይቀመጣሉ። ጥፋተኛ ለማለትም ነፃ ለማለትም 12ቱም መስማማት አለባቸው።

ከወሎ አበጋሮች ጋር ያመሳሰለውም ነበር። አበጋር የተጣላን ያስታርቃል። ጁሪ ማንንም አያስታርቅም፤ «ጥፋተኛ ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

«ሶፍትዌሩ ሕጉን ይጽፋል»

አንዲት መስመር አይጽፍም። ጽሑፉ ቀድሞ ያለ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የዳኝነት ምክር ቤቱ ያጸደቀው የወንጀል መመሪያ ስብስብ ካልክሪም ይባላል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2006 ጀምሮ ይሠራበታል። እያንዳንዱ መመሪያ ቁጥር አለው፤ ለምሳሌ ስለ ምክንያታዊ ጥርጣሬ፣ ማለትም ተከሳሹን ነፃ ለማለት ስለሚበቃው ጥርጣሬ፣ የሚያስረዳው 220 ነው። እንደ ሆትዶክስ ያለ ቅጽ የሚሞላ ሶፍትዌር የሚሠራው ጥያቄ መጠየቅ ነው። ተከሳሹ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ወንድ ነው ሴት? ክሱ የትኛው ነው? መልሱን ክፍት ቦታው ላይ ይሞላል፣ የማያስፈልገውን አማራጭ ያወጣል።

እኛም እኮ የዚህ ታናሽ ወንድም አለን። ፍርድ ቤት በር ላይ ኮምፒውተር ይዘው የተቀመጡትን ማመልከቻ ጸሐፊዎች አስቡ። ያለፈውን ደንበኛ ፋይል ይከፍታሉ፣ ስም ይቀይራሉ፣ ያትማሉ። አንድ ጊዜ የኔን ማመልከቻ እንዲሁ ጻፉልኝ። መዝገብ ቤት ስደርስ ሁለተኛው ገጽ ላይ የማላውቃት ሴትዮ ስም ተሰክቶ ተገኘ። ባሏን ፍቺ ትጠይቃለች። እኔ የምከሰው ስለ አጥር ነበር! ጥሩ ሶፍትዌር የሚያድነው ከእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው፤ ስሙን አንዴ ታስገባለህ፣ በሁሉም ገጽ እሱው ይገባል።

«ቅጹ ካለ ዳኛው ምን ይሠራል?»

ዋናውን ሥራ። የትኛው መመሪያ ለዚህ ጉዳይ እንደሚስማማ የሚወስነው ማስረጃውን ቁጭ ብሎ የሰማ ሰው ነው። ግድያ እንበል። በእኛ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ተራ ግድያ በአንቀጽ 540 ነው፤ ቅጣቱን የሚያቀልል ሁኔታ ካለ 541 ይመጣል። ማስረጃው ወደየትኛው እንደሚወድቅ ዳኛው ራሱ ያየዋል። ካሊፎርኒያ ላይ ይህን የሚመርጠው ጁሪው ነው። ስለዚህ ማስረጃው ቀለል ላለው ወንጀል በር ከከፈተ፣ ማንም ባይጠይቀውም ዳኛው ያንን አማራጭ ለጁሪው መንገር አለበት። ሶፍትዌሩ ዝርዝሩን ያሳይ ይሆናል። ምስክሩ ምን እንዳለ ግን አልሰማም።

«አንዲት ቃል ብትሳሳት ምን ታመጣለች?»

እዚህ ላይ ነው ቤቱ ዝም ያለው። የእኛ ዳኛ ምክንያቱን ስለሚጽፍ ይግባኝ ሰሚው አንብቦ ይተቸዋል። ጁሪ ግን ምክንያት አይጽፍም። በዝግ ክፍል መክሮ ውሳኔውን ብቻ ይናገራል። ይግባኝ ሰሚው ጭንቅላታቸው ውስጥ ገብቶ ማየት አይችልም። ማየት የሚችለው ሕጉ እንዴት እንደተነገራቸው ነው። መመሪያው እንዲህ የሚከብደው ለዚህ ነው።

በ1993 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሉዊዚያና የግድያ ፍርድ አንዱን ሻረ። የሞት ፍርድ ነበር። ምክንያቱ ለጁሪው «ምክንያታዊ ጥርጣሬ» የተብራራበት መንገድ ነው። መመሪያው ተከሳሹን ነፃ ለማውጣት ከሚገባው በላይ የከበደ ጥርጣሬ የሚያስፈልግ አስመስሎታል። ፍርድ ቤቱ «ማስረጃው ጠንካራ ስለሆነ ስህተቱ አይጎዳም» አላለም። ጁሪው በትክክለኛው መለኪያ ስላልፈረደ፣ እንደ ፍርድ የሚቆጠር ነገር የለም አለ። ስህተት ያለበት ቅጽ ደግሞ በሶፍትዌር ሲሆን መቶ መዝገብ ውስጥ በአንድ ቀን ይገባል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

«ሕግ ከበድ ካላለ ሕግ አይመስልም»

ይህ የእኛም በሽታ ነው። የድሮው የካሊፎርኒያ የፍትሐ ብሔር መመሪያ ስለ ምስክር የሚለው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይመስላል፦ «የማስታወስ ጉድለት የተለመደ ነው፤ ከቅንነት የመነጨ የተዛባ ትውስታም ያልተለመደ አይደለም»። አዲሱ ደግሞ «ሰው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ በሚያስታውሰውም ይሳሳታል» ዓይነት ነው። ይህን አክስቴም ትረዳዋለች። ይህንን ያቃለለው ማሽን አይደለም። የሕግ ሰዎች ዓመታት ተቀምጠው ነው የጻፉት።

«ያው ቻትጂፒቲ ነው»

አይደለም። ቅጽ የሚሞላው ሶፍትዌር የተሰጠውን ብቻ ይደግማል፤ ቻትጂፒቲ አዲስ ነገር ይፈጥራል። በ2023 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች እሱ የፈጠራቸውን የሌሉ ፍርዶች ጠቅሰው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል።

መጨረሻ ላይ ልጁ አንድ ነገር ጨመረልን። ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ የተሰረዘ መስመር ነበር። ዳኛዋ የተሰረዘውን እንዳልነበረ ቁጠሩት ብላቸዋለች፤ ካልክሪም ራሱ እንዲህ ይላል። አክስቴ ይሄኔ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«ልጄ፣ የተሰረዘውስ ምን ይላል?»

ሳቀ። አልነገራትም።