የቤት ውስጥ አየር መለኪያ በአዳማ

የቤት ውስጥ አየር መለኪያ በመኝታ ቤት፣ በመማሪያ ክፍል፣ በሱቅ ወይም በስብሰባ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሰው የሚተነፍሰውን አየር ቀን ከሌት የሚከታተል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደቃቅ ብናኝን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ሙቀትንና እርጥበትን ይለካል፤ ውጤቱንም በመብራት ቀለም፣ በቁጥር ወይም በስልክ መልእክት ያሳውቃል። በዓለም ገበያ ሞልቷል። አዳማ ላይ ሲሰቀል ግን የፋብሪካው መመሪያ የማይመልሳቸው ጥያቄዎች ይነሳሉ፤ እዚህ ሠርቶ ለመሸጥ የሚነሳ ጀማሪ ድርጅት ዋና ሥራውም እነዚያን መመለስ ነው።

አዳማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ነፋሷ የታወቀ ነው። 51 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው አዳማ አንድ እ.ኤ.አ. በ2012፣ 153 ሜጋ ዋት ያለው አዳማ ሁለት ደግሞ በ2015 የቆሙት በዚሁ ነፋስ ምክንያት ነው። መብራት የሚሰጠው ነፋስ በበጋ አቧራ ያነሳል። ስለዚህ የአዳማ ሰው መስኮት የሚዘጋው በቂ ምክንያት ኖሮት ነው፤ ቀን ለአቧራው፣ ማታ ለወባ ትንኝ። «ንፋስ እንዳይመታኝ» የሚለው የቆየ ስጋት ሲታከልበት ቤቱ ተዘግቶ ይውላል፤ በተዘጋው ቤት ውስጥ ደግሞ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ቤተሰቡም ይተነፍሳል።

ብናኝ የሚለካው ክፍል አሠራሩ ቀላል ነው። ትንሽ ማራገቢያ አየሩን ወደ ውስጥ ትስበዋለች፤ ቅንጣቶቹ በሌዘር ጨረር ፊት ሲያልፉ ብርሃን ይበትናሉ፤ ሴንሰሩ በተበተነው ብርሃን ይቆጥራቸዋል። ዋናው ዒላማ ፒኤም 2.5 የሚባለው፣ ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮ ሜትር የማይበልጥ፣ ከሰው ፀጉር ውፍረት ሃያ እጥፍ ገደማ የሚያንስ ብናኝ ነው። ወደ ሳንባ ጥልቅ ስለሚገባ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለው መመሪያ የ24 ሰዓት አማካዩ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ መክሯል። ማገዶ በሚነድበት ማድ ቤት እንጀራ ሲጋገር መጠኑ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሆናል።

ነገር ግን ርካሾቹ የሌዘር ሴንሰሮች የጭስን ደቃቅ ብናኝ በደንብ ሲያዩ፣ ነፋስ የሚያነሳውን ሻካራ አቧራ አብዛኛውን አይቆጥሩትም። ትልልቁ ቅንጣት በደካማዋ ማራገቢያ ተስቦ ከሌዘሩ ሳይደርስ ይቀራል፤ ብዙዎቹም እስከ 10 ማይክሮ ሜትር የሚደርሰውን ብናኝ የሚያካትተውን የፒኤም 10 ቁጥር የሚሰጡት ከደቃቁ ተነስተው በመገመት ነው። ስለዚህ መንገዱ በአቧራ ተሸፍኖ ሳለ መሣሪያው አረንጓዴ ሊያበራ ይችላል። ነዋሪው አቧራውን በዓይኑ እያየ መሣሪያው «ንጹሕ ነው» ካለው፣ ነገ ስለ ጭሱ እውነቱን ሲነግረውም አያምነውም። አምራቹ ይህን ጉድለት በማሸጊያው ላይ በግልጽ ሊጽፈው ይገባል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው በቤት ውስጥ በሚገኝበት መጠን መርዝ ስለሆነ ሳይሆን፣ የሰው እስትንፋስ ምን ያህል እንደታመቀ ስለሚናገር ነው። የሙኒኩ ኬሚስት ማክስ ፎን ፔተንኮፈር እ.ኤ.አ. በ1858 ያቀረበው ወሰን፣ ማለትም ከሚሊዮን 1,000 እጅ፣ ዛሬም ይሠራበታል። የውጪው አየር በአሁኑ ጊዜ 420 ገደማ ነው። መስኮቱ የተዘጋ ስድሳ ተማሪ ያለበት ክፍል፣ ወይም ስብሰባ በማይጠፋባት አዳማ መጋረጃው የተሳበ የሆቴል አዳራሽ፣ ወሰኑን ለማለፍ ብዙ አይቆይም። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የሳንባ ነቀርሳ ጫና በዝቶባቸዋል ከሚላቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፤ አንዱ ያስወጣውን አየር ሌላው መልሶ የሚስብበት ክፍል ለዚህ በሽታ ምቹ ነው።

ይህን ጋዝ የሚለየው ሴንሰር 4.26 ማይክሮ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ኢንፍራሬድ ብርሃን ምን ያህል እንደተዋጠ ያያል፤ በሌላ አነጋገር በብርሃኑ መንገድ ላይ የቆሙትን ሞለኪውሎች ይቆጥራል። በአዳማ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ 18 በመቶ ያህል ስለሚያንስ ሞለኪውሎቹም በዚያው ልክ ይሳሳሉ። ልኩ በባሕር ጠለል የተያዘ ሴንሰር ከፍታው ካልተነገረው፣ 1,200 የደረሰውን ክፍል ገና 1,000 አልሞላም ብሎ ያልፈዋል። መፍትሔው አንድ የግፊት ሴንሰር መጨመር ወይም በፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ቁጥር መጻፍ ብቻ ነው። ከውጭ የመጣውን ዕቃ ከካርቶኑ አውጥቶ የሰቀለ ሰው ግን ይህን የሚነግረው የለም።

ጊዜ የማይሰጠው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅኑ ከ200 እጥፍ በላይ በርትቶ ይጣበቃል። በየቤታችን አንድ አደገኛ ልማድ አለ፦ ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠላል፣ ጭሱ እስኪያልቅ ይጠበቃል፣ ፍም ሲሆን «አሁን ጠርቷል» ተብሎ ወደ ክፍል ይገባል። የጠራው ጭሱ ነው። ፍሙ ጋዙን መልቀቁን አያቆምም፤ ብናኝ ብቻ የሚለካ መሣሪያም ከሰው ዓይን ጋር አብሮ ይታለላል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ይመጣሉ፤ ከሰል አጠገቡ አድርጎ የተኛ ሰው ደግሞ ላይነቃ ይችላል። አንድ ሴንሰር ብቻ መግዛት የሚችል ቤት ይህንኑ ይግዛ፤ ቁጥር ባያሳይም የሚጮህ ደወል ይበቃዋል። የሴንሰሩ ዕድሜ ጥቂት ዓመታት ስለሆነ የሚቀየርበት ዓመት በቀፎው ላይ በጉልህ መጻፍ አለበት።

ሽታና ትነት የሚለይ ተብሎ የሚሸጥ ሴንሰርም አለ። ዕጣኑን፣ የሽንኩርት ቁሌቱን፣ ሽቶውንና የቀለም ትነቱን ደምሮ አንድ ቁጥር ስለሚሰጥ ቡና ለሚፈላበት ቤት ብዙም አይጠቅምም።

ክፍሎቹ፣ ማለትም ሴንሰሮቹ፣ ኢኤስፒ 32 የሚባለው ባለ ዋይፋይ ትንሽ ኮምፒውተርና ባትሪው፣ ከውጭ የሚመጡ ናቸው፤ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ በብር ተወድደዋል። ቦርዱን መንደፍ፣ ሶልደር ማድረግ፣ ቀፎውን ማውጣትና ፕሮግራሙን መጻፍ ግን እዚሁ ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ ውስጥ አለ። ባትሪውን ለማስቀረት መሞከር ስህተት ነው። መብራት ጠፍቶ ምጣዱና ምድጃው ሲቆሙ ከሰሉ ይወጣል፤ መሣሪያው በጣም የሚፈለገውም ያኔ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ልክ ማስያዝ ነው። ርካሽ ሴንሰር ከታመነ ትልቅ መለኪያ ጎን ለሳምንታት ተቀምጦ ካልተነጻጸረ ቁጥሩ ግምት ሆኖ ይቀራል። አዲስ አበባ የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ መለኪያ ለዓመታት መነጻጸሪያ ሆኖ አገልግሏል፤ መረጃው ለሕዝብ መለቀቁ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ቆሟል። ቢቀጥልም ኖሮ በአዲስ አበባ የመኪና ጭስ የተስተካከለ ሴንሰር ለአዳማ አቧራ አይሆንም ነበር።

«መስኮት ክፈቱ» የሚለው ምክርም እዚህ ብቻውን አይበቃም። መሣሪያው የውስጡን ከውጪው ማመዛዘን አለበት፤ ብናኝ ቆጣሪው ለአቧራው ስለማይታመን ውጪ በረንዳው ላይ የነፋስ ፍጥነት መለኪያ ቢታከል ይበጃል። ነፋሱ ጋብ ሲልና የውስጡ አየር ሲታፈን «አሁን ክፈቱ» የሚል አጭር መልእክት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይላካል፤ ፍም ካለ ግን ነፋሱን ሳይጠብቅ ይጮሃል።

የሚሰቀልበት ከፍታም አለ። መመሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሜትር ይላሉ፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አፍንጫ ማለት ነው። ቡና የምትቆላዋ ሴት ግን በርጩማ ላይ፣ ከከሰሉ አጠገብ ጎንበስ ብላ ነው ያለችው፤ ልጇም ብዙ ጊዜ ጉልበቷ ሥር ነው። የአዳማ መለኪያ በእነርሱ አፍንጫ ልክ፣ ከረከቦቱ ጎን ካለው ግድግዳ ዝቅ ብሎ መሰቀል አለበት።