ዋይልድ ካርድ ምንድን ነው? በታላላቅ የሜዳ ቴኒስ ውድድሮች ስምንቱ ቦታዎች የሚሰጡት ለማን ነው?

ግንቦት 2017 ዓ.ም. ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የፓሪሱ ሮላን ጋሮስ ወደ ፍጻሜው እየተጠጋ ሳለ፣ ደብረ ብርሃን ቤታችን ውስጥ የእህቴ ልጅ የሴቶቹን የድልድል ሰንጠረዥ በስልኩ እያየ አንድ ጥያቄ አነሣ። ሎይስ ቧሶን በምትባለው ፈረንሳዊት ስም አጠገብ ደብሊውና ሲ የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተጽፈዋል። «ጋሼ፣ ይኼ መጸዳጃ ቤት በር ላይ የሚጻፈው አይደለም እንዴ? ከስሟ ጋር ምን አገናኘው?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ሜዳ ቴኒስን በቴሌቪዥን የሚከታተል ሰው እነዚያን ፊደላት በየውድድሩ ያያቸዋል፤ ትርጉማቸውን በቅጡ የሚያስረዳው ግን እምብዛም አያገኝም።

ፊደላቱ የሚወክሉት ዋይልድ ካርድን ነው። ዋይልድ ካርድ ማለት አንድ ተጫዋች በዓለም ደረጃውም ሆነ በማጣሪያ ውድድር ያላገኘውን የመወዳደሪያ ቦታ የውድድሩ አዘጋጅ በራሱ ውሳኔ የሚሰጥበት ፈቃድ ነው። ስሙ የመጣው ከካርታ ጨዋታ ነው፤ ካርታ የሚጫወት ሰው ጆከር በጎደለው ካርታ ቦታ ሁሉ እንደሚገባ ያውቃልና የስሙ ምንጭ አይጠፋውም። በድልድሉ ውስጥም ዋይልድ ካርድ የተሰጠው ተጫዋች በደረጃው ሳይሆን በአዘጋጁ ፈቃድ ገብቶ ቦታ ይሞላል።

ቁጥሩን ማወቅ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በአራቱ ግራንድ ስላም ውድድሮች፣ ማለትም በአውስትራሊያ ኦፕን፣ በሮላን ጋሮስ፣ በዊምብልደንና በዩኤስ ኦፕን፣ በነጠላ ጨዋታ የሚሰለፉት 128 ተጫዋቾች ናቸው። ከእነዚህ 104ቱ ውድድሩ ሊጀመር ስድስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው በነበረው የዓለም ደረጃ መሠረት በቀጥታ ይገባሉ። ለ16 ቦታዎች ደግሞ ከዋናው ውድድር በፊት ባለው ሳምንት ማጣሪያ ይካሄዳል፤ በዚያ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈ ያልፋል። የቀሩት 8 ቦታዎች የአዘጋጁ ናቸው። አዘጋጁ ስምንቱንም መስጠት አይገደድም፤ ዊምብልደን አንዳንድ ዓመት ሳይሰጥ ያስቀረው ቦታ በደረጃ ተራ ይጠብቁ ለነበሩት ተጫዋቾች ተላልፏል። ዋይልድ ካርድ ለማጣሪያውም ይሰጣል፤ የተሰጠው ሰው ግን ሦስቱን ጨዋታ እንደ ሌላው ሁሉ ማሸነፍ አለበት።

በሰሜን ሸዋ ገጠር፣ በመንዝም ሆነ በቡልጋ፣ ሠርግ የሚደግስ አባወራ ዳሱን ሲጥል መቀመጫውን በሙሉ በተጠሪዎች ቁጥር ልክ አይሞላውም። ከሩቅ አገር ለሚደርስ ዘመድ፣ ብዙ ዘመን ጠፍቶ ለሚመለስ ወዳጅ ጥቂት ቦታ ይዞ ያቆያል፤ በዚያ ማን እንደሚቀመጥም የሚወስነው ደጋሹ ራሱ ነው። የዋይልድ ካርድ መነሻ ሐሳብ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ በዳሱ ውስጥ ላንዱ ቦታ መስጠት ሌላውን ተጠሪ የማያስነሣ መሆኑ ነው። በቴኒስ ግን ከስምንቱ እያንዳንዱ ቦታ በደረጃ ተራው ይደርሰው የነበረ ሌላ ተጫዋች አለ፤ ይህ ተጫዋች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በየአገሩ እየዞረ ነጥብ ሲሰበስብ የከረመ ሰው ነው። ስለዚህ «ለምን ለእሱ ተሰጠ?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

ብዙዎቻችን ዋይልድ ካርድ የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማነው በሩጫ ነው። በዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና አንድ አገር በአንድ ርቀት የሚያሰልፈው በመደበኛው ሦስት አትሌት ሲሆን፣ ያለፈው ውድድር አሸናፊ የዚያው አገር ሰው ከሆነ ግን አራተኛ መጨመር ይችላል። ለተሰንበት ግደይ እ.ኤ.አ. በ2022 በዩጂን የ10,000 ሜትር ወርቅ ስላገኘች ኢትዮጵያ በ2023ቱ የቡዳፔስት ሻምፒዮና በዚያ ርቀት አራት ሴቶችን የማሰለፍ መብት ነበራት፤ በውጤቱም ጉዳፍ ፀጋይ፣ ለተሰንበት ግደይና እጅጋየሁ ታዬ ተከታትለው ገብተው ሦስቱንም ሜዳሊያ ወስደዋል። እዚህ ላይ ቃሉ አንድ ሆኖ ሥርዓቱ ግን ሌላ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የአትሌቲክሱ ዋይልድ ካርድ ሮጠው የሚያገኙት መብት ነው፤ ማን እንደሚያገኘው ደንቡ አስቀድሞ ወስኖታል። የቴኒሱን ግን ኮሚቴ ተቀምጦ ያድለዋል።

ኮሚቴው ምን አይቶ ያድላል? አዘጋጅ ሁሉ በቅድሚያ የሚያስበው የአገሩን ልጆች ነው። የፈረንሳይ ፌዴሬሽን ለፈረንሳውያን፣ የአሜሪካው ለአሜሪካውያን፣ የአውስትራሊያው ለአውስትራሊያውያን አብዛኛውን ቦታ ይሰጣል። የዊምብልደኑ ኮሚቴ የሚመለከተው ተጫዋቹ ቀደም ሲል በዚያው ሜዳ ያሳየውን ውጤትና የብሪታንያን ተመልካች ፍላጎት የሚያነሣሣውን ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚታሰቡት ከጉዳት ወይም ከወሊድ የሚመለሱና በዕድሜ የገፉ የቀድሞ ሻምፒዮኖች ናቸው። ሴሬና ዊሊያምስ አንድ ዓመት ያህል ከውድድር ርቃ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ዊምብልደን የተመለሰችው፣ ታላቅ እህቷ ቬነስም በ45 ዓመቷ በ2025ቱ ዩኤስ ኦፕን የተሰለፈችው በዚህ መንገድ ነው።

በሦስቱ ፌዴሬሽኖች፣ በአውስትራሊያ፣ በፈረንሳይና በአሜሪካ መካከል ደግሞ የመለዋወጥ ስምምነት አለ። እያንዳንዱ በውድድሩ ካሉት ቦታዎች ለሌሎቹ ሁለት አገሮች ለእያንዳንዳቸው አንድ የወንድና አንድ የሴት ቦታ ይሰጣል፤ በምላሹም በእነርሱ ውድድር ያንኑ ያገኛል። ዊምብልደን በዚህ ስምምነት ውስጥ የለም።

በእኔ እይታ ከሁሉም የሚሻለው አሰጣጥ ካርዱ ራሱ ውድድር የሚደረግበት ሲሆን ነው። በአሜሪካ ከ18 ዓመት በታች ባለው ብሔራዊ ሻምፒዮና ያሸነፈ ወጣት የዩኤስ ኦፕን ዋና ድልድል ቦታ ያገኛል፤ የዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮንም አሜሪካዊ ከሆነ ቦታ መስጠት ልማድ ሆኗል። በአውስትራሊያ ኦፕንም የእስያና የፓስፊክ አካባቢ ተጫዋቾች ለአንድ ቦታ የሚፋለሙበት ውድድር ሲካሄድ ቆይቷል። እንዲህ ሲሆን የተሸነፈው ተጫዋች የተሸነፈው በሜዳ ላይ መሆኑን ያውቃል፤ ማን ከማን እንደሚቀራረብ እያሰበ አያዝንም።

ከቦታው ጋር የሚመጣው ገንዘብና ነጥብ ቀላል አለመሆኑ ጉዳዩን ያከብደዋል። በ2025ቱ ዊምብልደን በነጠላ ጨዋታ በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈ ተጫዋች እንኳ 66,000 ፓውንድ ተከፍሎታል። በደረጃ ከመቶዎቹ በታች ላለ ተጫዋች ይህ የአሠልጣኝ፣ የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪውን ለወራት የሚሸፍን ገንዘብ ነው። ካርዱን ያላገኘው ቢጤው በዚያው ሳምንት በትንንሽ ውድድሮች ለጥቂት ብር ይለፋል። ይሁን እንጂ ካርዱ ሜዳ ላይ ምንም ዓይነት እገዛ አያደርግም። የተጋጣሚው ማንነት በዕጣ የሚወሰን በመሆኑ ባለ ካርዱ በመጀመሪያው ቀን ከዓለም አንደኛው ጋር ሊደርሰው ይችላል።

ብዙ ጊዜ ከዋይልድ ካርድ ጋር የሚምታቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ የተጠበቀ ደረጃ የሚባለው ሲሆን፣ በጉዳት ለረጅም ጊዜ የራቀ ተጫዋች ከጉዳቱ በፊት በነበረው ደረጃ እንዲመዘገብ የሚያስችል መብት ነው፤ የማንንም በጎ ፈቃድ አይጠይቅም። ሌላው፣ አንድ ተጫዋች በመጨረሻ ሰዓት ራሱን ሲያገል በማጣሪያው መጨረሻ ዙር ከተሸነፉት አንዱ በምትኩ የሚገባበት ዕድል ነው።

ዋይልድ ካርድ ይዞ ግራንድ ስላም በነጠላ ያሸነፈ ወንድ እስካሁን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ክሮኤሺያዊው ጎራን ኢቫኒሼቪች። በዊምብልደን እ.ኤ.አ. በ1992፣ በ1994 እና በ1998 ሦስት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ ሦስቱንም ተሸንፏል። በ2001 ደረጃው 125ኛ ወርዶ ስለነበር በቀጥታ መግባት አልቻለም። ኮሚቴው ግን የቀድሞ ውጤቱን አይቶ ካርድ ሰጠው። ከእንግሊዛዊው ቲም ሄንማን ጋር ያደረገው የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ በዝናብ እየተቋረጠ ሦስት ቀን ፈጀ፤ ፍጻሜውም ወደ ሰኞ ተገፋ። በዚያ ሰኞ ፓትሪክ ራፍተርን 6-3፣ 3-6፣ 6-3፣ 2-6፣ 9-7 አሸንፎ ለዓመታት ያመለጠውን ዋንጫ አነሣ። ኪም ክላይስተርስ ደግሞ ጨዋታ አቁማ፣ ልጅ ወልዳ፣ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይታ በተመለሰችበት በ2009 በዩኤስ ኦፕን ዋይልድ ካርድ ተሰጣት፤ ካሮሊን ቮዝኒያኪንም በፍጻሜው 7-5፣ 6-3 ረታች። በእነዚህ ሁለት ሰዎች ኮሚቴዎቹ ያደረጉት ፍርድ ትክክል እንደነበረ ሜዳው መሰከረ።

ፍርዱ የሚያከራክርበት ጊዜም አለ። ማሪያ ሻራፖቫ በተከለከለ መድኃኒት ምክንያት 15 ወር ታግዳ እ.ኤ.አ. በ2017 ስትመለስ የፈረንሳይ ፌዴሬሽን ካርድ ከለከላት። የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት በርናር ጁዲቼሊ የሰጡት ምክንያት፣ ከጉዳት ለሚመለስ ሰው ዋይልድ ካርድ ሊኖር እንደሚችል፣ ከዶፒንግ ቅጣት ለሚመለስ ግን እንደማይኖር የሚገልጽ ነበር። በዚያው ዓመት ዩኤስ ኦፕን ሰጣት፤ በመጀመሪያው ዙርም ሲሞና ሃሌፕን አሸነፈች። አንድ ዓይነት ጥያቄ በሦስት ወር ልዩነት ሁለት ተቃራኒ መልስ ማግኘቱ ሥልጣኑ ምን ያህል በየአዘጋጁ ፈቃድ ላይ እንደቆመ ያሳያል። እኔ የፈረንሳዩን ውሳኔ እደግፋለሁ፤ ቅጣቱን የጨረሰ ሰው የመጫወት መብቱ ይመለሳል፣ የክብር ቦታ የማግኘት መብት ግን የለውም። ከሁሉ በላይ የወደድሁት ግን ፌዴሬሽኑ ምክንያቱን በአደባባይ መናገሩን ነው።

የበለጠ የሚከብደኝ ሌላ ጉዳይ ነው። አራቱም ግራንድ ስላሞች በአራት ሀብታም አገሮች የሚካሄዱ በመሆናቸው ካርዱ በብዛት የሚደርሰው ቀድሞውኑ ሜዳ፣ አሠልጣኝና ገንዘብ ላላቸው ወጣቶች ነው። የፓሪስ ልጅ 200ኛ ሆኖ የሚያገኘውን ቦታ፣ ተመሳሳይ ደረጃ ያለው የአዲስ አበባ ወይም የናይሮቢ ልጅ አያገኘውም፤ የሚሰጠው የአገሩ አዘጋጅ የለምና። ጎረቤታችን ኬንያዊቷ አንጄላ ኦኩቶዪ እ.ኤ.አ. በ2022 ከሆላንዳዊቷ ሮዝ ማሪ ናይካምፕ ጋር ሆና የዊምብልደንን የታዳጊ ሴቶች የጥንድ ዋንጫ ስታነሣ ችሎታው በእኛም አካባቢ እንዳለ አሳይታለች። ግራንድ ስላሞቹ ከዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ጋር እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ለታዳጊ አገሮች ተጫዋቾች የሚያውሉት ፈንድ አላቸው፤ ይህም በጎ ነው። ከስምንቱ ቦታ አንዱ ለአፍሪካ ሻምፒዮን ቢመደብ ግን ከፈንዱ ይልቅ በአንድ ልጅ ሕይወት ላይ የሚታይ ለውጥ ያመጣ ነበር።

ወደ ሎይስ ቧሶን ልመለስ። ለእሷ የፈረንሳይ ፌዴሬሽን መጀመሪያ ካርድ የሰጣት በ2024 ነበር፤ ውድድሩ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰና ሳትጫወት ቀረች። በዓመቱ ካርዱ ዳግም ተሰጣት፤ ደረጃዋ 361ኛ ነበር። እኔና የእህቴ ልጅ እየተመለከትናት የዓለም ሦስተኛዋን ጄሲካ ፔጉላን፣ ቀጥሎም ስድስተኛዋን ሚራ አንድሬቫን አሸንፋ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች፤ እዚያ ግን በኮኮ ጎፍ ተረታች። ደረጃዋ በአንድ ጊዜ ወደ 65ኛ ወጣ።

ልጁ «እንግዲህ ዊምብልደን በቀጥታ ትገባለች» አለኝ። አልገባችም። የዊምብልደን ዝርዝር የተዘጋው የፓሪሱ ውጤት ከመቆጠሩ በፊት በነበረው ደረጃ ነው፤ በዚያ ቀን እሷ ገና 300 ቤት ውስጥ ነበረች። ኮሚቴውም ካርድ አልሰጣትም። ሰኔ አጋማሽ ካለፈ በኋላ፣ ደብረ ብርሃን ክረምቱን ስትቀበል፣ ቧሶን ለንደን ሮሃምፕተን በሚገኘው የማጣሪያ ሜዳ ካናዳዊቷን ካርሰን ብራንስታይንን ገጥማ በመጀመሪያው ዙር ተሸነፈች።