ሳህኑ ባዶ ነው ማለት ውሃው ንፁህ ነው ማለት ነው? ስለ ውሃ ምርመራ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የምሠራው ውሃ የሚመረመርበት ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ሰዎች የውጤት ወረቀታቸውን ይዘው «ዜሮ ነው የሚለው፤ ንፁህ ነው አይደል?» ይሉኛል። ዜሮው ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የሚመጣው ከሚዲያው ነው። ሚዲያ የምንለው ባክቴሪያው ተራብቶ በዓይን እስኪታይ ድረስ ሳህን ላይ የምናዘጋጅለትን ምግብ ነው። ምግቡ ካልተስማማው አይበቅልም። ካልበቀለ ደግሞ አናየውም፤ ሰው ግን ይጠጣዋል።

«ውሃው ኩልል ካለ ችግር የለውም»

አንድ አዛውንት ከጉድጓዳቸው የቀዱትን ውሃ በብርጭቆ ወደ ፀሐይ አንስተው «እዪው እስቲ ልጄ፣ ምን ይወጣለታል!» አሉኝ። እውነትም ጉድፍ አልነበረውም። 100 ሚሊ ሊትሩን በማጣሪያ ወረቀት አሳልፈን ሚዲያ ላይ አሳደርነው። በነጋታው ወረቀቱ በኮሎኒ፣ ማለትም ባክቴሪያ ተራብቶ በሚሠራቸው ነጥቦች፣ ተሞልቶ አገኘነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በዚያ መጠን ውስጥ አንድም ኢ. ኮላይ፣ ማለትም ውሃው በሰገራ መበከሉን የሚጠቁመን ባክቴሪያ፣ እንዳይገኝ ነው የሚለው።

«ምግብ የበዛበት ሚዲያ ብዙ ባክቴሪያ ያሳያል»

ተማሪ ሳለሁ እኔም እንዲህ ይመስለኝ ነበር። የቧንቧ ውሃ ባክቴሪያ ግን ረሃብ የለመደ ነው። ሁዳዴን የጾመ ሰው ለፋሲካ በቀጥታ ጮማ ላይ አይወርድም፤ መጀመሪያ በተልባ ሆዱን ያለሰልሳል። እ.ኤ.አ. በ1985 ሪዝነር እና ገልድራይክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አር-ቱ-ኤ የተባለውን ሚዲያ ያወጡት ይህን በመሰለ ሐሳብ ነው። ፔፕቶኑም (የፕሮቲን ምግቡ)፣ ግሉኮሱም፣ ስታርቹም በሊትር ግማሽ ግማሽ ግራም ብቻ ነው። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ወደ 28 ወይም 20 ይወርዳል። ቆይታው ደግሞ ከሁለት ቀን ወደ 5 እና 7 ቀን ይረዝማል። ምግብ በሞላው ሳህን ላይ ጥቂት ነጥብ ብቻ ያሳየ ውሃ እዚህ ላይ ብዙ ያወጣል። አብዛኞቹ በሽታ አምጪ አይደሉም። ቢሆንም ቧንቧው ውስጥ ምን እየተራባ እንደሆነ ይነግሩናል።

«ምንም ካልበቀለ ባክቴሪያ የለም»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ክሎሪን የነካው ባክቴሪያ ሁልጊዜ አይሞትም። አንዳንዱ ቆስሎ ይተርፋል። ታዲያ እኛ ሌሎች ባክቴሪያዎችን ለማገድ ብለን የሐሞት ጨው ያለበት ሚዲያ ላይ ስናሳርፈው፣ ያ የቆሰለው እዚያው ይቀራል። ወረቀቱ ላይ ዜሮ ይጻፋል። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ኤም-ቲ-ሰቨን የተባለ ሚዲያ የተሠራው እነዚህን ቁስለኞች ለማስነሳት ነው።

ስህተቱ ከሚዲያውም በፊት ሊጀምር ይችላል። የናሙና ጠርሙሳችን ውስጥ ጥቂት ሶዲየም ታዮሰልፌት አለ። ክሎሪኑን ወዲያው ያከሽፈዋል። እሱ ከሌለ ክሎሪኑ ናሙናው በመኪና ሲጓዝም ባክቴሪያውን መግደሉን ይቀጥላል፤ እኛ ጋ የሚደርሰው ሰዎች የጠጡት ውሃ አይሆንም። አደራ፣ «ውስጡ ውሃ ፈሶበታል» ብላችሁ ጠርሙሱን ከመቅዳታችሁ በፊት አታለቅልቁት!

ጨርሶ በተለመደው ሚዲያ የማይበቅልም አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ የተሰበሰቡ የቀድሞ ወታደሮች በሳንባ ምች ወደቁ፤ ከ25 በላይ ሰዎች ሞቱ። የበሽታው መንስኤ ለወራት ጠፋ። ሌጂዮኔላ ተብሎ የተሰየመው ይህ ባክቴሪያ ሲስቲን የተባለ አሚኖ አሲድና ብረት ካላገኘ አይበቅልም። ዛሬ የምናበቅልበት ሳህን ከሰል የተቀላቀለበት ስለሆነ ጥቁር ነው። ከሰሉ ባክቴሪያውን የሚጎዱ ነገሮችን ይመጥለታል።

«ሚዲያ መሥራት ዱቄት በውሃ በጥብጦ መቀቀል ነው»

በእርግጥ ነገሩ ከወጥ ቤት ጋር ዝምድና አለው። በጀርመናዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ ሮበርት ኮህ ላብራቶሪ ውስጥ ሚዲያውን የሚያረጉበት ጄላቲን በሙቀት እየቀለጠ ሲያስቸግር፣ አጋር የተባለውን ከባሕር አረም የሚወጣ ማርጊያ እንዲሞክሩ የመከረችው እዚያ ይሠራ የነበረ ተመራማሪ ሚስት፣ ፋኒ ሄሰ ናት። በቤቷ ጄሊ ትሠራበት ነበር። ያ እ.ኤ.አ. በ1881 አካባቢ ነው፤ ዛሬም ሳህናችን ላይ ያለው አጋር ነው። ስሟ ግን ብዙ አይነሳም፤ ያሳዝነኛል።

አቀቃቀሉ ራሱ ግን ውጤት ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች አጋርና ፎስፌት አንድ ላይ ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት የሚያመክን ድስት) ሲገቡ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እንደሚፈጠር አሳዩ። ባክቴሪያ የሚገድለው፣ ቁስል የምናጥብበት ማለት ነው። ሁለቱን ለየብቻ ቀቅለው በኋላ ሲያዋህዱ የበቀለው ኮሎኒ ጨመረ። አንድም አዲስ ዕቃ አልተገዛም፤ ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው የቀየሩት።

«ቀለም የሚቀይረው አዲሱ ምርመራ አይሳሳትም»

እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፋው ይህ ዘዴ በጣም ረድቶናል። ዱቄቱ ውሃው ውስጥ ይጨመራል፣ 24 ሰዓት ኢንኩቤተር (ሙቀቱ የተመጠነ ሳጥን) ውስጥ ይቆያል። ኮሊፎርም (ኢ. ኮላይ የሚገኝበት የባክቴሪያ ቡድን) ካለ ቢጫ ይሆናል። ኢ. ኮላይ ካለ ደግሞ መብራት አጥፍተን አልትራቫዮሌት ስናበራበት ጠርሙሱ ሰማያዊ ያበራል። የሚያበራው ኢ. ኮላይ ባለው አንድ ኢንዛይም ምክንያት ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ኦ157፡ኤች7 የተባለው ዝርያ ግን ብዙውን ጊዜ በዚህ ምርመራ አያበራም። በአንዳንድ የኢ. ኮላይ ምርመራ የምንጠቀምበትን ሞቃቱን 44 ዲግሪም እንደ ዘመዶቹ አይወድም። እሱን ስንጠረጥር የምናወጣው ሶርቢቶል የተባለ ስኳር መሰል ነገር ያለበትን ማኮንኪ አጋር የተባለ ሚዲያ ነው። አብዛኛው ኢ. ኮላይ እዚያ ላይ ሮዝ ይሆናል፤ እሱ ግን ሶርቢቶሉን ቶሎ ስለማይጠቀም ቀለም አልባ ሆኖ ይታያል።