ስለላ ነው ወይስ ጥቃት?

ደሴ ውስጥ ቡና ስንጠጣ አንድ ወጣት መምህር «ኮምፒውተር መጥለፍ እንዴት የኒውክሌር ጦርነት ያስነሳል?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱ «ያልታሰበ መባባስ» በሚለው ቃል ውስጥ አለ፤ ማንም ሳይፈልገው ግጭት እየከረረ ወደ ጦርነት ማደጉ ማለት ነው።

በሌሊት ጎተራችሁ ሥር የተገኘ ሰው ሊያይ መጣ ወይስ ሊያቃጥል? ዱካው አይናገርም። ኮምፒውተር ውስጥ ሰርጎ መግባትም እንዲሁ ነው፤ ለስለላ የተከፈተ በር ነገ ለማውደም ያገለግላል። እጅግ የሚያስፈራኝ የተጠለፈው የሚሳኤል ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ሲሆን ነው። ዓይኑ የተጋረደበት መንግሥት «ሊመቱኝ ነው» ብሎ ቀድሞ ሊተኩስ ይችላል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ፖሊሲ፣ በዚህ ሥርዓት ላይ ለሚደርስ ከባድ ጥቃት፣ ጥቃቱ ኒውክሌር ባይሆን እንኳ፣ በኒውክሌር ልትመልስ እንደምትችል አስታውቃለች።

እ.ኤ.አ. በ1983 የሶቪየት የማስጠንቀቂያ ሥርዓት፣ ማንም ሳይጠልፈው፣ «5 ሚሳኤሎች ተተኩሰዋል» ብሎ ነበር። ሐሰት መሆኑን የጠረጠረው ተረኛው መኮንን ስታኒስላቭ ፔትሮቭ ነው።